የእህቴ ምጥና የትልቁ ሰው እጅ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ላይ ሠላሳ ስምንት ይል ነበር፤ የቀበሌው ጸሐፊ «ዕድሜሽን ስንት ልበል?» ሲለኝ ዝም አልኩ፣ እሱም ለዝምታዬ ሦስት ዓመት ቀነሰልኝ። ሰው በአርባው ይበስላል ይላሉ። እኔን የድሬዳዋ ፀሐይ እንኳ አላበሰለኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ቀን የሠራሁትን ስትሰሙ «ይህች ሴትዮ ያኔ ልጅ ነበረች መሰል» ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው። ልጅ አልነበርኩም። ሙሉ ሴት ነበርኩ፣ ያውም ወፍራም።

ታናሽ እህቴ ብዙነሽ፣ እኛ ብዙዬ የምንላት፣ ወሯ ገብቶ ነበር። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከቤቴ ሳልወጣ «ይማርሽ» እላታለሁ። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ አጥታለች። መንገድ ላይ ነው ያጣችው፤ መኪና ሲጠበቅ መሸ፣ መኪናው ሲመጣ ደግሞ ልጁ አልጠበቀም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አላወራም። ብቻ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው ሁለተኛውን ያረገዘችው፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምንሄደው።

በዚያ ላይ የምትከታተላት ዶክተር አንድ ነገር ነግራናለች። ልጁ ተቀምጧል አለችን። ሌላው ልጅ አናቱን ወደ ታች አድርጎ ለመውጣት ሲዘጋጅ የእኛው እንደ ዳኛ ቁጭ ብሏል። «በራሱ ካልዞረ በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው፤ ምጡ ጀመረኝ ባልሽ ሰዓት ቤት እንዳትቀመጪ» አለቻት። እኔም ከጎን ሆኜ፣ አዎ፣ እናትም ልጅም ከተቀመጡ ማን ሊሄድ ነው ብዬ ቀለድኩ። ዶክተሯ አልሳቀችም። ያኔ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

ምጡ የመጣው ትልቁ ሰው በመጡ ቀን ነው።

ትልቁ ሰው ማለት ከላይ የመጡት ማለቴ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ ባጊያ፣ ያን በዘይት የሚጠበስ ቁርስ፣ ጠብሼ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ ከስም ጋር ምን አጣላኝ። ሆስፒታሉን ሊጎበኙና ለከተማችን የመጡትን አዳዲስ አምቡላንሶች ሊያስረክቡ ነው ተባለ። ሳምንቱን ሙሉ ከተማዋ ተቀባች። የመንገዱ ጠርዝ ተቀባ፣ የዛፉ ግንድ ተቀባ፣ የጎረቤቴ ፍየል አስፋልት ዳር ታስራ ስለነበር አንድ ጎኗ ተቀባ። እኔም መጥበሻዬን ይዤ ለጊዜው ከመንገድ ዳር እንድነሳ በትህትና ተነገረኝ። ከተማ ስትዋብ የሚነሳው መጀመሪያ የሚበላው ነገር ነው።

በዚያ ላይ ሥራ ተሰጠኝ። የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበሽ መንገድ ዳር ትቆሚያለሽ፣ እንግዳው ሲያልፉ እልል ትላላችሁ ተባልኩና አንድ ፌስታል ቲሸርት አስረከቡኝ። ለምን እኔ? ድምፄ ስለሚሰማ ነው። ቲሸርቶቹ ላይ «ጤናማ እናት፣ ጤናማ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልካቸው ሁሉ የአንድ በጣም ግዙፍ ሰው ልክ ነው፤ እንዲያውም ያ ሰውዬ የት እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠዋት ባጊያዬን ከቤት ውስጥ እየጠበስኩ ሳለ ግድግዳው ተንኳኳ። እኛ ግድግዳ ሲንኳኳ ጨው አልቋል ማለት ነው። ያን ቀን ግን ደጋግሞ ተንኳኳ። ሄጄ ሳይ ብዙዬ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ነው። «እቴቴ፣ ጀመረኝ» አለችኝ።

ባሏ ሰለሞን ሚኒባስ አለው። ሚኒባስ ያለው ባል ማለት ለእርጉዝ ሴት ግማሽ ሆስፒታል ማለት ነው። ግን የዚያን ቀን የከተማው ሚኒባስ በሙሉ ታዟል፤ ከሐርላና ከቢዮ አዋሌ ተቀባይ ሕዝብ ጭነው ይምጡ ተብሏል። ሰለሞን ከንጋት ጀምሮ የሚያጨበጭብ ሰው ሊያመጣ ገጠር ወርዷል። ብደውል ብደውል ስልኩ አይሠራም።

በሌላ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ሐዋ ጩኸት ሰምታ መጣች። ሐዋ የሱማሌ ልጅ ናት፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሰባት ወልዳ ሰባቱንም ያሳደገች፣ ምጥን እንደ ጉንፋን የምታይ ሴት ናት። ብዙዬን አንዴ አየችና «አባዮ፣ ይሄ የሚጠበቅ አይደለም፣ አምቡላንስ ጥሪ» አለችኝ። አባዮ በእነሱ እህቴ ማለት ነው፤ ግን ሐዋ ስትቆጣም አባዮ ነው የምትለው፣ ስለዚህ ስልኬን አነሳሁ።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ጨዋ ነበር፣ አልዋሽበትም። አምቡላንስ አለ ወይ ብለው፣ አለ፣ እንዲያውም እንደ ዛሬ ኖሮ አያውቅም አለኝ። ታዲያ ላክልን አልኩት። «እህቴ፣ መኪናዎቹ አሉ። ግን ሪባን ታስሮባቸዋል» አለኝ። ፍቱታ አልኩት። የሚፈታ ሳይሆን የሚቆረጥ ነው፣ የሚቆርጡት ደግሞ ገና ከአውሮፕላን ጣቢያ አልወጡም አለኝ። አሮጌዎቹስ ስለው፣ አንዱ እንግዳውን ለማጀብ ተይዟል፣ አንዱ ጋራዥ ከገባ ቆየ፣ የቀረው ሕመምተኛ ሊያመጣ ገጠር ሄዷል። የልጁ ድምፅ እየሟሸሸ ሄደ። መጨረሻ ላይ «በሌላ አማራጭ ብትሞክሩ ጥሩ ነው፣ እኔ ብሆን አልጠብቅም» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እውነቱን ባይነግረኝ ኖሮ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነበር፤ እኛ ደግሞ መጠበቅ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን።

ሌላው አማራጭ አብዲ ነው። አብዲ ባጃጁን ዛፍ ሥር አቁሞ ውስጧ ተኝቷል፤ ለእንግዳው ሲባል ዛሬ ባጃጅ አስፋልት ላይ እንዳይታይ ተብሏል። ስንነግረው ወዲያው ተነሳ፤ ግን መንገዱ ላይ ትራፊክ በትራፊክ ነው፣ ያስቆሙንና ስንለማመጥ ሰዓቱ ይሄዳል ብሎ አንገቱን ደፋ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ብልጠት የመጣው። በዕድሜዬ የሠራሁት ስህተት ሁሉ የተጀመረው እንዲህ ባለ ብልጠት ነው።

ፌስታሉን አመጣሁ። ቲሸርቱን ለብዙዬ ከቀሚሷ በላይ አለበስኳት፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ የለበሰው ይመስል ሆዷ ላይ ልክክ አለ፤ «ጤናማ እናት» የሚለው ከላይ፣ «ጤናማ ልጅ» የሚለው ደግሞ ልክ ልጁ የተቀመጠበት ላይ አረፈ። ለሐዋ ከሽቲ ቀሚሷ በላይ ደረብኩላት፣ እኔም ለበስኩ፣ አብዲንም አለበስነው። ተቀባይ ነን በቃ። ሐዋ አንዴ እኔን አንዴ ራሷን አየችና፣ ወላሂ ዕብደት ነው፣ ግን ግቡ አለች።

ትራፊኩ ገና ከሩቅ ሲያየን እጁን አነሳ። አብዲ አቆመ። የማወራውን እያሰናዳሁ ሳለ ብዙዬን ምጡ ያዛትና ጮኸች። ሐዋ በጩኸቱ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም አጨበጨብኩ። ከውጭ ለሚያየን እንደ ሰርግ ቤት ሳንሆን አንቀርም። ትራፊኩ ቲሸርታችንን አነበበና ወዴት ናችሁ አለ። ሆስፒታል አልኩት። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ንጹሕ እውነት እሷ ነበረች። እሱ ግን ፊቱን አኮሳተረ፤ ታዲያ አርፍዳችኋል እኮ፣ እንግዶቹ ሊገቡ ነው አለና ወደ አብዲ ዞረ፦ «አንተ ምን ትተኛለህ፣ ንዳው እንጂ!»

አብዲ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ትራፊክ ቁም ሲለው እንጂ ፍጠን ሲለው ሰምቶ አያውቅም። ያን ቃል እስከ ዛሬ ለሚሳፈረው ሁሉ ያወራዋል።

ባዶ አስፋልት ላይ ወጣን። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተተክሎ ስለነበር የመጀመሪያዋን ተሽከርካሪ ሲያይ አጨበጨበ። ተማሪዎቹ ባንዲራቸውን አወዛወዙ። አንድ የማርሽ ባንድ ሁለቴ ነፋ ነፋ አደረገና ባጃጅ መሆኗን ሲያይ አቆመ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝ፣ እጄን አውጥቼ አውለበለብኩ። እጄ ራሱ ነው የወጣው። ያን ጊዜ ነው ሹማምንት ከወንበር መውረድ ለምን እንደሚከብዳቸው የገባኝ፤ እኔ እንኳ በባጃጅ፣ ያውም በአንድ ዙር፣ ልወርድ አልፈለግኩም። ሐዋ እጄን መትታ፣ ሰው አታውለብልቢ፣ እህትሽን ያዢ አለችኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ቲሸርታችንን አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። በሌላ ቀን እዚያ በር ላይ የታካሚ ካርድ፣ የአስታማሚ ካርድ፣ የትዕግሥት ካርድ ይጠየቃል። ውስጥ ስንገባ ደግሞ ግር አለኝ። ያን ኮሪደር አውቀዋለሁ፤ አልጋ ስለማይበቃ ሰዉ ምንጣፍ አንጥፎ ነው የሚተኛው፣ እግር ላለመርገጥ እንደ ፌንጣ እየተዘለለ ነው የሚታለፈው። አሁን ግን ባዶ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የፈረንጅ ሽታ ይሸታል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቀስ ብላ፣ ሰዎቹ ጓሮ ዛፍ ሥር ናቸው፣ እንግዳው እስኪሄዱ ነው አለችኝ።

አንድ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት እየሮጠ መጣ። ሐኪም አይደለም፤ የመስተንግዶው አስተባባሪ ነው። ከሳቢያን ናችሁ አለን። ነን። የተባለችው እናት እሷ ናት? እኔ ምን የተባለች እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን እናት ለመሆን መንገድ ላይ ናት፣ አዎ አልኩ። እሰይ አለና ወደ አንድ ክፍል አስገባን። አልጋዎቹ አዲስ አንሶላ ለብሰዋል፤ የማጠፊያው መስመር እንኳ አልጠፋም። ብዙዬን አንዱ ላይ አስተኛት። ለካስ ለጉብኝቱ ተብሎ ከሳቢያን አንዲት ሞዴል እናት ትመጣለች ተብሎ ይጠበቅ ኖሯል።

እኔም ልጁ ተቀምጧል፣ ሐኪም ጥሩልን፣ አሁኑኑ ጥሩልን እለዋለሁ። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰዓቱን ያያል። ብዙዬ ስታቃስት ጎንበስ አለና «በጣም ጥሩ ነው፣ እውነት ይመስላል። ግን ትንሽ ቀነስ አድርጊው፣ ካሜራ ላይ ይበዛል» አላት። ብዙዬ እንደዚያ ሆናም ይቅርታ አለችው። አስተዳደጓ ነው።

ሐዋን አጠገቧ ትቼ ሐኪም ፍለጋ ሮጥኩ። ሐኪሞቹን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ አንድም ሳይቀር ነጭ ጋዋናቸውን ተኩሰው ለብሰው ዋናው በር ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ያቺ የብዙዬ ዶክተር ከወዲያ ማዶ ቆማለች። በመሃላችን ቀይ ምንጣፍ አለ፣ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ጥበቃ ቆሟል፣ እንዳልረግጠው ክንዴን ይዞኛል። ጮክ ብዬ ብጠራት የማርሽ ባንዱ ዋጠኝ። ስለዚህ በእጄ ነገርኳት። መጀመሪያ በእጄ ትልቅ ሆድ ሠራሁ። ከዚያ ልጁ መቀመጡን ለማሳየት ቁጢጥ አልኩ። ተነሳሁ፣ ደግሜ ቁጢጥ አልኩ። አጠገቤ ያሉ ሴቶች የአቀባበሉ ጭፈራ መስሏቸው አብረውኝ ቁጢጥ ብድግ ማለት ጀመሩ። ዶክተሯ አየችኝ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አንድ እግሯን ወደፊት አነሳች። በዚያች ቅጽበት የመኪናው አጀብ በሳይረን ገባ። ማንም ከሰልፍ አይነቃነቅ ተባለ።

እየተጋፋሁ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሐዋ ፊቷ ተለውጧል። ሰባት የወለደችው ሐዋ ቀልድ አጥታለች። «አባዮ፣ እግር ይመስለኛል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ብዙዬ እንዳትሰማ። በአእምሮዬ ያቺ ያለፈችው መንገድ መጣችብኝ፤ አሁን ደግሞ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሐኪሞቹ በአርባ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው፣ እንደገና ልናጣ ነው አልኩ።

በሩ ተከፈተና ትልቁ ሰው ገቡ።

ፉንጋ የሚባሉ አይደሉም፤ ሞላ ያሉ፣ ሽበት ጣል ያደረገባቸው፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው በላብ የሚታጠቡ ሰው ናቸው። ከኋላቸው አጃቢው፣ ካሜራው፣ ከዚያ የሆስፒታሉ ሐኪም በሙሉ ተግተልትሎ ገባ። አስተባባሪው ወደ ብዙዬ መራቸው። ጎንበስ አሉና «እንዴት ነሽ እናቴ፣ አገልግሎቱስ እንዴት ነው?» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

ብዙዬ ታላቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ ትጨብጣለች። ጨበጠች። «አገልግሎቱ ጥሩ…» ብላ ጀመረች። ምጡ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ምጥ የያዛት ሴት የጨበጠችውን እጅ መንጠቅ ነውር ነው፣ ማንም ይሁን ማን። እናቴ እኔን ስትወልድ የጨበጠችው የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው እጅ ነበር ይባላል፤ ሰውዬው የሌላውን ሰፈር ቆጣሪ ሁሉ ትቶ ከሰዓት በኋላውን እኛ ቤት ዋለ፣ በክርስትናዬም ተጠርቶ በላ። እንዲህ ነው ሕጉ። ይህን ሕግ ሳቢያን ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከላይ የመጣ አጃቢ ግን አያውቀውም።

ብዙዬ የትልቁን ሰው እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች፤ እሳቸውም ወደ አልጋው ተሳቡ። አንዱ ጥቁር መነጽር ያደረገ አጃቢ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያላቅቅ ጎንበስ አለ። ሐዋ እጁን በጥፊ መታችው።

«ወርያ አንተ፣ እጅህን ሰብስብ። አንተን እናትህ ስትወልድ ማንን ጨብጣ ነበር?»

አጃቢው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሥልጠና ላይ አልተሰጠውም። ትልቁን ሰው አየ። እሳቸው ደግሞ የተያዘ እጃቸውን አዩ፣ የብዙዬን ፊት አዩ። «ተዋት» አሉ። ያን ጊዜ ሐዋ ወደ እሳቸው ዞረችና፣ ሐዋ አማርኛዋ ውስጥ አንቱ የሚባል የለም፣ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ጠንክረህ ያዛት» አለቻቸው። ጠንክረው ያዟት።

እኔ «ማርያም ማርያም» ብዬ ጀመርኩ፤ ከአጀቡ ውስጥ ያሉ ሴቶች ተቀበሉኝ፣ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ። ሐዋ በጎን «ያ ፋጡማ፣ ያ ፋጡማ» ትላለች። አንድ ከኋላ የቆመ ባለሥልጣን ምን እንደተፈጠረ ስላልታየው ልማድ ሆኖበት አጨበጨበ። ካሜራው ይቅረጽ አይቅረጽ ጨንቆት አንዴ ጣራውን አንዴ እኛን ያነሳል።

ዶክተሯ በሰዉ ትከሻ መሃል ሰንጥቃ ገባች። አየቻት፣ ነካቻት፣ ቀና አለች። «ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው። አሁን ኦፕራሲዮን ካልገባች ሁለቱንም እናጣለን» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ማደንዘዣ የሚሰጠው የት ነው ስትል ከበሩ ጋ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ለእንግዳው የሚሰጥ እቅፍ አበባ ይዞ የቆመው ሰውዬ ነው። አበባውን አስተባባሪውን አሳቀፈውና ወጣ። አዋላጇም አለች፣ ነርሶቹም አሉ፣ ዋናው ሐኪምም አለ። ያ ሆስፒታል በሌላ ቀን አንድ ሐኪም ለመቶ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ለአንዲት ብዙዬ ሐኪም ተርፎ በር ላይ ቆሟል።

ጋሪው መጣ። አንድ ጎማው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ይጎትታል። ብዙዬ እጃቸውን አልለቀቀችም፤ ስለዚህ ትልቁ ሰው አብረው ሄዱ፣ ሱፋቸው ከወገቡ ተጣሞ፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ። እሳቸው ሲሄዱ ደግሞ አጀቡ ይከተላል፣ ካሜራው ይከተላል፣ እኔና ሐዋ እንከተላለን። በዚያ ባዶ ኮሪደር እንዲህ ያለ ሰልፍ ታይቶ አይታወቅም። የኦፕራሲዮኑ በር ላይ ስንደርስ ዶክተሯ ትልቁን ሰው ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ ከዚህ በኋላ የሚገባው ጫማውን አውልቆ ነው አለቻቸው። እኔ ጆሮዋ ላይ «ብዙዬ፣ እቴቴ ነኝ፣ የእኔን ያዢ» አልኳት። ቀስ ብላ አንዱን እጅ በአንዱ ለወጠችው። ከዚያ በሩ የእኔንም እጅ አስለቀቀና ተዘጋ።

ትልቁ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ደንዝዞ ነበር መሰለኝ ያፍተለትሉታል። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ማን ጎን እንደተቀመጥኩ ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም፣ በሩን ብቻ ነበር የማየው። ባሏ የት ነው አሉኝ።

«እርስዎን የሚቀበል ሰው ሊያመጣ ሐርላ ወርዷል፣ ጌታዬ።»

ክራቫታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ቀጥለውም አምቡላንስ አልጠራችሁም ወይ አሉኝ።

«ጠርተን ነበር። እርስዎን እየጠበቁ ነው አሉን፤ ሪባን ታስሮባቸዋል።»

ይህን ስል ለመንካት ብዬ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው እውነት ያመልጠዋል፤ ፖለቲካ የማወራ ቢሆን ኖሮ አሳምሬ አወራው ነበር። ትልቁ ሰው ረዳታቸውን ጠሩት። ሪባኑ አሁን ይቆረጥ አሉት። ረዳቱ፣ መድረኩ ተዘጋጅቷል፣ መቀሱም በትሪ ላይ ነው፣ ካሜራው ደግሞ እዚህ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። «በጥርስም ቢሆን ቁረጡት» አሉት። ከጥቂት በኋላ ከግቢው ሞተር ሲነሳ ሰማን። ወጥታ ያየችው ሐዋ እንደነገረችኝ አንዷ አምቡላንስ ከቸኮለች የተነሳ ሪባኗን እንደ ሙሽራ እየጎተተች ወጥታለች።

ከዚያ እሳቸው ተጠርተው ሄዱ፤ ሲነሱ እግዚአብሔር ይማራት አሉኝ። መልካም ሰው ናቸው አልልም፣ ክፉም አልልም፤ በአንድ እጅ ሰው አይታወቅም።

ነርሷ አንዴ ብቅ አለች። ደም ብዙ ፈሷታል፣ ከደም ባንክ መጥቶ እየተሰጣት ነው፣ የሚተካ ሰው አዘጋጁ አለችን። እኔ ክንዴን ገልጬ ተነሳሁ። ግፊቴን ለኩና፣ አንቺ ራስሽ ተኚ አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሐዋ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ስንቱን ጸሎት በስንት ቋንቋ እንዳለች እንጃ።

ከዚያ በበሩ ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የባጃጅ ጥሩምባ የመሰለ። ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ተባልን። ለሴት ስንት ጊዜ፣ ለወንድ ስንት ጊዜ እልል እንደሚባል እኛ ጋ ሥርዓት አለው፤ ሐዋ ግን ሥርዓቱን አታውቅም፣ ማቆሚያውንም አታውቅም። ከጓሮ ዛፍ ሥር ያሉት ሕመምተኞች ተቀበሏት። በዚህ መሃል ያቺ እውነተኛዋ ሞዴል እናት ፀጉሯን ተሠርታ፣ አምሮባት፣ አልጋዬን ማን ወሰደብኝ እያለች ደረሰች። ማንም አልመለሰላትም፤ እልልታ ላይ ነበርን።

ማታ ዜናው ላይ ወጣን። ትልቁ ሰው የአንዲትን እናት እጅ ይዘው «ሲያበረታቱ» ታዩ። ማን ማንን እንደያዘ የምናውቀው እኛ ነን። ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አፏን ከፍታ ትታያለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ደውሎ አይተንሻል አለኝ። አዲሶቹ አምቡላንሶችም ይሠራሉ፤ አንዷ ትንሽ ቆይታ ጋራዥ ገባች፣ ሌሎቹ አሁንም ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ፣ በሰማሁም ቁጥር ደስ ይለኛል። መጥበሻዬም ቦታዋ ተመልሳለች፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ለባጊያ ማስቀመጫ ተስማሚ ሆኗል።

ሰለሞን የደረሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ልብሱ አቧራ ለብሶ። ልጅቷን እስከ ክርኑ ታጥቦ አቀፋት። ከዚያ የሚተካው ደም ጉዳይ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ሰለሞን መርፌ የሚፈራ ሰው ነው፤ ጥርሱን ሲያመው እንኳ ቁርንፉድ ነክሶ ነው የሚያድረው። በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ሰጠ። የሚፈለገው ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መስጠት የሚቻልበት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ተሳፋሪውን አውርዶ፣ ሚኒባሱን ደም ባንኩ ደጃፍ አቁሞ ይገባል። ለማንም አይናገርም። አንድ ክንዱ ላይ ጥጥ ለጥፎ ቤት ይመጣል፣ ልጁን በሌላኛው ያቅፋታል።